ብየዳና ብረት ቆረጣ በግንባታ ቦታ፦ እሳትን ለመከላከል የትኛው አማራጭ ይሻላል?

በግንባታ ቦታ ስለ እሳት ሲነሣ ወሬው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእሳት ማጥፊያው ነው። ስንት ይገዛ? የዱቄት ይሁን የጋዝ? የት ይሰቀል? እኔ ግን ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ መምጣት አለበት ባይ ነኝ። ማጥፊያው ከግድግዳው የሚወርደው ከእርሱ በፊት የነበሩት ምርጫዎች ሁሉ ሳይሳኩ ሲቀሩ ነው። ብረቱ በእሳት መቆረጥ ነበረበት ወይ? መቆረጥ ካለበትስ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆን ነበረበት? ከሥሩ ምን ተከምሮ ነበር? ማሽኑ ከጠፋ በኋላ ቆሞ የተመለከተ ሰው አለ? አማራጮቹን የማነጻጽረው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። የጻፍኩትም ለፎርማን፣ ለሳይት መሐንዲስ፣ ለአነስተኛ ተቋራጭና ቤቱን ራሱ ለሚያሠራ ሰው ነው።

የእኛ አገር የግንባታ ቦታ በሚቀጣጠል ነገር የተሞላ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። መወጣጫው የባሕር ዛፍ አጣና ነው፤ አርማታውን የሚያቅፈው ጣውላና ኮምፔንሳቶ ነው፤ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ፣ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢትና ላስቲክ ይበተናል፤ ከውጭ ደግሞ ሕንፃውን የፕላስቲክ መረብ ይሸፍነዋል። ብረት የሚቀልጠው ወደ 1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እንጨት እሳት ለመያዝ የዚህ ሩብ እንኳ አያስፈልገውም። ፍንጣሪ ወደ ጎን 11 ሜትር ያህል ሊሄድ እንደሚችል ታሳቢ ተደርጎ ነው ዓለም አቀፍ ደንቦች የተጻፉት። ከፎቅ ሲወርድ ደግሞ ነፋስ ካገዘው ከዚያም ይርቃል።

በእሳት ወይስ ያለ እሳት?

የመጀመሪያውና ትልቁ ምርጫ ይህ ነው። ከሁሉም ይልቅ የሚዘለለውም ይኸው ነው።

አስቀድሞ ግን መስተካከል ያለበት አንድ አስተሳሰብ አለ። ብዙ ሰው «የእሳት ሥራ» ሲባል ብየዳንና የጋዝ ቆረጣን ብቻ ያስባል። ግራይንደር ነበልባል ስለሌለው ከዚህ ውጭ ይደረጋል። ከመቁረጫው ዲስክ የሚረጨው ግን እየነደደ የሚበር የብረት ብናኝ ነው፤ ሰጋቱራ ውስጥ ሲገባ ማን እንደላከው አይጠየቅም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ግራይንደር ከብየዳ ጋር በአንድ ወገን ተመድቧል።

ያለ እሳት የሚሠሩት መንገዶች እነዚህ ናቸው፦ ፌሮን በመቀስ ወይም በሃይድሮሊክ መቁረጫ መቁረጥ፣ ቱቦን በቱቦ መቁረጫ መቁረጥ፣ ብረትን ጥርስ ባለው መጋዝ መግመስ፣ በብየዳ ፋንታ በቡሎን ማሰር፣ ቱቦን ከመበየድ ይልቅ ጥርስ አውጥቶ ማጋጠም። ከእሳቱ ሥራ ጋር ሲነጻጸሩ አንዱም በሁሉም ረገድ አይበልጥም። ለፌሮ ከሆነ ግን ክርክር አያስፈልገውም፤ መቀሱ ይፈጥናል፣ ዲስክ አይጨርስም፣ ፍንጣሪ የለውም። ለውኃ ቱቦም ጥርስ ማውጣት የተለመደና አስተማማኝ ሥራ ነው። ወፍራም የብረት ምሰሶ ወይም ሰፊ ላሜራ ሲሆን የእጅ መጋዝ ይሸነፋል። ሠራተኛው ከፍታ ላይ ሆኖ ለረጅም ሰዓት መጋዝ እንዲስብ ማድረግም ከእሳቱ ስጋት አውጥቶ ወደ መውደቅ ስጋት ይከተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ እሳቱን መምረጥ ጥፋት አይሆንም፤ ቀጥሎ የሚመጡትን ጥንቃቄዎች ግን አብሮ መምረጥ ነው።

መካከል ላይ ያለውና ብዙ የሚያከራክረው የደረጃና የበረንዳ መደገፊያ ነው። በልማድ ብረቱ ተቆራርጦ ይመጣና እዚያው ደረጃው ላይ ይበየዳል። ሌላው መንገድ መደገፊያውን ወርክሾፕ ውስጥ ጨርሶ፣ ቀለሙንም ቀብቶ፣ አርማታው ተበስቶ በሚገባ ቡሎን ማሰር ነው። ይህኛው ልኬቱ አስቀድሞ በጥንቃቄ እንዲወሰድ ያስገድዳል፤ ደረጃው ጠማማ ከሆነ ያስቸግራል። እኔ ግን ሰው በሚኖርበት ወይም በሌላ ቤት በተጠጋ ሕንፃ ላይ ሁልጊዜ ቡሎኑን እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2014 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ውስጥ ቢከን በተባለው ጎዳና የተነሣው እሳት ከዚሁ ዓይነት ሥራ የመጣ ነው። በጎረቤቱ ሕንፃ የብረት መደገፊያ ሲበየድ ነፋሱ ብርቱ ነበር፤ ፍንጣሪው ጎን ያለውን መኖሪያ ሕንፃ አቀጣጠለ። ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጡ። ከዚያ ወዲህ በከተማዋ የእሳት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች የደህንነት ሥልጠና እንዲወስዱ ግዴታ ሆኗል።

እዚያው ወይስ ወርክሾፕ?

ብየዳው የማይቀር ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ ቦታው ነው። በግቢው አንድ ጥግ፣ ከጣውላውና ከነዳጁ ራቅ ያለ፣ ወለሉ አፈር ወይም ሲሚንቶ የሆነ የብየዳ ቦታ መለየት ብዙ ወጪ የለውም። የሚበየደውን ሁሉ እዚያ ጨርሶ፣ ፎቅ ላይ የግድ የሚሆነውን መጋጠሚያ ብቻ ማስቀረት ይቻላል። ጉዳቱ የተበየደውን ከባድ ብረት ማንሣት ነው፤ ክሬን ወይም በቂ ጉልበት ከሌለ ሥራው ይጓተታል። ጥቅሙ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በተለያየ ፎቅ ከመጠበቅ አንድ ቦታ ብቻ መጠበቅ ነው። እኔ ሚዛኑ ወደ ወርክሾፑ ያጋድላል እላለሁ።

ከቦታው ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ምርጫ አለ፦ የሥራ ቅደም ተከተል። ይህ በእጅጉ የተዘነጋ ጉዳይ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ሙቀትና ድምፅ የሚከላከለው ፎም፣ ማለትም ፖሊስታይሪን ወይም ፖሊዩሪታን፣ ከብየዳው በፊት ይግባ ወይስ በኋላ? ፎም ከገባ በኋላ መበየድ ማለት ግድግዳው ውስጥ ነዳጅ አስቀምጦ ከጎኑ እሳት ማንደድ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1996 በጀርመን ዱሰልዶርፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከተርሚናሉ በላይ ባለው መንገድ ላይ ሲበየድ የቀለጠ ብረት ሾልኮ ኮርኒሱ ውስጥ ያለውን ፖሊስታይሪን አቀጣጠለ፤ 17 ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 15 ቀን 2010 ሻንጋይ ውስጥ ሰዎች እየኖሩበት የውጭ ግድግዳው ይታደስ የነበረ ባለ 28 ፎቅ ሕንፃ ፈቃድ በሌላቸው በያጆች ፍንጣሪ ተያይዞ 58 ሰዎች አለቁ፤ እዚያም የሽፋኑ መረብና ፎሙ ናቸው እሳቱን ያደረሱት። በደቡብ ኮርያ ኢቾን ከተማ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2020 በግንባታ ላይ በነበረ መጋዘን 38 ሰዎች ሲሞቱ የፖሊስ ምርመራ ያመለከተው ምድር ቤት ውስጥ ሲካሄድ የነበረን ብየዳና ግድግዳው ላይ የነበረን የፖሊዩሪታን ፎም ነው።

ሦስቱም ላይ ያለው ትምህርት አንድ ነው። አዲስ አበባም ሆነ ሐዋሳ ዛሬ መጋዘኑና የቀዝቃዛ ማከማቻው ፎም ባለው ባለ ሁለት ገጽ ቆርቆሮ እየተገነባ ነው። ስለዚህ መርሐ ግብሩ ሲወጣ ብየዳው ሁሉ ይለቅና ፎሙ ይከተል። ቅደም ተከተሉን መቀየር ካልተቻለና በጀቱ ከፈቀደ በፎም ፋንታ ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራው የድንጋይ ሱፍ ይመረጥ። ይከብዳል፣ ዋጋውም ይጨምራል፤ ነገር ግን አይነድም። ሁለቱም ካልሆኑ በዚያ ግድግዳ ላይ የሚቀሩት መጋጠሚያዎች በቡሎን ይሁኑ።

የኤሌክትሪክ ብየዳ፣ ጋዝ ወይስ ዲስክ?

ሦስቱም ፍንጣሪ ይረጫሉ፤ ልዩነቱ የፍንጣሪው ዓይነት ነው። የዲስክ ብናኝ ደቃቅና ብዙ ነው፤ ሩቅ ይበራል፣ ቶሎም ይበርዳል፣ ቀዳዳና ስንጥቅ ግን ያገኛል። የኤሌክትሪክ ብየዳ ጠብታው ይከብዳል፤ ተጥሎ የሚቀረው የኤሌክትሮድ ቁራጭም ለጥቂት ደቂቃ እንደ ፍም ነው፤ ባልዲ ውስጥ መጣል አለበት። የጋዝ ቆረጣ ከሁሉ ይከፋል። ነበልባሉ ከ3,000 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ የኦክሲጅኑ ግፊት የቀለጠውን ብረት በብዛት ወደ ታች ይገፋዋል። ስለዚህ ቀጭን ብረት በጋዝ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ጋዝ ለወፍራሙ ብቻ ይቀመጥ።

በኤሌክትሪክ ብየዳ አንድ የተደበቀ ስጋት አለ። የማሽኑ መመለሻ ገመድ መቆንጠጫ ከሚበየደው ብረት አጠገብ መያያዝ ሲገባው፣ ለምቾት ሲባል ራቅ ካለ ፌሮ ወይም ቱቦ ላይ ይታሰራል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ በሕንፃው ብረት ውስጥ እየዞረ ይመለሳል፤ ላላ ያለ መጋጠሚያ ካገኘ ማንም በማያይበት ክፍል ውስጥ ያግለዋል። ገመዱን ማስረዘም ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

በጋዝ ውስጥም ምርጫ አለ። አሲቲሊን ከአየር ጥቂት ይቀላል፤ ሲያፈስ ወደ ላይ ይበተናል። ነገር ግን ከአየር ጋር ከ2.5 በመቶ ጀምሮ እስከ 80 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ ድብልቅ ሊፈነዳ ስለሚችል ይቅርታ የለውም። የሥራ ግፊቱም ከአንድ ባር ገደማ ማለፍ የለበትም። ሲሊንደሩ ውስጥ በአሴቶን ስለሚሟሟ ሁልጊዜ ቆሞ መቀመጥ አለበት። ቡታጋዝ፣ ማለትም በሲሊንደር የሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ፣ ዋጋው ይቀንሳል፤ የሚፈነዳበት የድብልቅ ልክም ጠባብ ነው፤ እስከ 10 በመቶ አይደርስም። ጠባዩ ግን ሌላ ነው፦ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ምድር ቤት፣ ወደ መሠረት ጉድጓድና ወደ ፍሳሽ ቦይ ይወርድና እዚያ ይጠራቀማል። እንግዲህ ከመሬት በታች ለሚሠራ ሥራ ቡታጋዝ አይመረጥ። ካርባይድና ውኃ ቀላቅሎ እዚያው አሲቲሊን የሚያመርተው የድሮ በርሜል ግን ለግንባታ ቦታ የሚሆን አይመስለኝም። ካርባይዱ በክረምት እርጥበት ካገኘው በራሱ ጋዝ ማውጣት ይጀምራል፤ ሣጥኑን የሚከፍተው ሰው ሲጋራ ይዞ ሊሆን ይችላል።

የትኛውም ጋዝ ቢመረጥ ሁለት ነገሮች አይቀሩም። በኦክሲጅኑም በነዳጅ ጋዙም የጎማ ቱቦ ላይ እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ይኑር፤ የኦክሲጅኑን ግፊት የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር ደግሞ ዘይትም ሆነ ቅባት አይንካው። ኦክሲጅንና ነዳጅ ጋዝ ሲከማቹ 6 ሜትር ይራራቁ፤ ቦታ ከሌለ 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው የማይነድ ግንብ ይለያቸው።

ባዶ በርሜልን በሚመለከት ግን የማነጻጽረው አማራጭ የለኝም። ናፍጣ፣ ቀለም ወይም ሬንጅ የነበረበት በርሜል «ባዶ ነው» ተብሎ ለውኃ መያዣ በእሳት ሲከፈት ይታያል። በውስጡ የቀረው ትነት ነው የሚፈነዳው፤ ሙሉ ከሆነው በርሜል ይልቅ ባዶው ይበልጥ ያሰጋል። አፉ የተከፈተ በርሜል ይገዛ።

ከሥር ምን ይነጠፍ?

የተሻለው መንገድ የሚቀጣጠለውን ነገር 11 ሜትር ማራቅና ወለሉን መጥረግ ነው። የማይነሣ ሲሆን ነው መሸፈኛ የሚያስፈልገው። በየቦታው የማየው የረጠበ ጆንያ ነው። የቃጫ ጆንያ ከሆነ እርጥበቱ እስካለ ድረስ ይሠራል፤ በበጋ ፀሐይና በብየዳው ሙቀት ግን ቶሎ ይደርቅና ራሱ ነዳጅ ይሆናል። የማዳበሪያ ከረጢት ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም ፕላስቲክ ነው፤ ይቀልጣል፣ ይነዳል። ስለዚህ ብርቱ ችግር ካልሆነ በቀር ጆንያን አልመርጥም።

ላሜራ ወይም ቆርቆሮ ጠብታውን በደንብ ይቀበላል፤ በየሳይቱም ይገኛል። ሁለት ድክመት አለው፤ በመጋጠሚያው ክፍተት ፍንጣሪ ያሾልካል፤ ሙቀቱንም ከሥሩ ላለው ጣውላ ያስተላልፋል። ላዩ ላይ ጥቂት ጣቶች ውፍረት ያለው እርጥብ አሸዋ ሲነጠፍበት ግን ሁለቱም ድክመቶች ይቃለላሉ። በአነስተኛ ወጪ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም፤ ወለሉ ክብደቱን መሸከሙን ብቻ ማረጋገጥ ነው።

የተሠራ መከላከያ መግዛት ለሚችል፣ ሦስት ዓይነት እንዳለ ይወቅ። ቀጭኑ መጋረጃ ቆሞ የሚሰቀል ነው፤ ከጎን የሚመጣ ፍንጣሪና ብርሃን ይከልላል፤ መሬት ላይ ለማንጠፍ አይሆንም። ብርድ ልብስ መሰሉ ዕቃ ለመሸፈን ነው። ከፋይበርግላስ ከሆነ እስከ 540 ዲግሪ ገደማ፣ ከሲሊካ ከሆነ እስከ 980 ገደማ ይችላል። ከቆረጣው በቀጥታ ከሥር የሚነጠፈው ግን ወፍራሙ ንጣፍ ነው፤ የቀለጠ ብረት ተከምሮ ሲያርፍበት ቀጭኑ ሊበሳ ይችላል። ሻጩ «እሳት የማይነካው» ብሎ ሲያቀርብ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ይጠየቅ። ከድሮ መጋዘን የወጣ የአስቤስቶስ ጨርቅ ከተገኘ ግን ለሳንባ ካንሰር የሚዳርግ ስለሆነ አይነካ።

ግድግዳ ወይም ወለል የሚያቋርጥ ቀዳዳ ካለ በሸክላ ጭቃ ወይም በድንጋይ ሱፍ ይደፈን፤ የቱቦ መተላለፊያ ክፍት ሆኖ ሳለ የላይኛውን ፎቅ ብቻ መሸፈን ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው።

ማን ይጠብቅ? እስከ መቼ?

ገንዘቤን አስቀድሜ የማውለው እዚህ ላይ ነው።

በእኛ ሳይቶች ሦስት ዓይነት ጠባቂ አለ። አንዱ የበያጁ ረዳት ነው። ኤሌክትሮድ ያቀብላል፣ ብረቱን ይይዛል፣ ገመድ ይስባል፤ ዓይኑ ሥራው ላይ ነው። በያጁም ቢሆን በጭምብሉ ውስጥ ከሚበየደው ነጥብ በቀር አያይም። ሁለቱም ጠባቂ ሊሆኑ አይችሉም። ሁለተኛው የበር ዘበኛ ነው፤ ሥራው በሩ ነው። ሦስተኛው ለዚህ ብቻ የተመደበ ሰው ነው። ውኃና ማጥፊያ ይዞ ይቆማል፣ ፍንጣሪው የሚያርፍበትን ያያል፣ «ቁም!» የማለት ሥልጣን አለው። ከሥር ያለው ፎቅ ክፍት ከሆነ አንድ ሰው ላይ፣ አንድ ሰው ታች ያስፈልጋል። የአንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ከምንም ዕቃ ይልቅ እዚህ ላይ ይሠራል።

የጥበቃው ጊዜ ሌላው ክርክር ነው። በሰጋቱራ፣ በጣውላ ስንጥቅና በፎም ውስጥ የገባ ፍንጣሪ ወዲያው አይነድም፤ ውስጥ ውስጡን እየበላ ሰዓታት ሊቆይ ይችላል። የአሜሪካ የሠራተኛ ደህንነት ደንብ ከሥራው በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይላል። የዚያው አገር የእሳት መከላከያ ማኅበር ኤንኤፍፒኤ ግን ስለ እሳት ሥራ ባወጣው 51ቢ በተባለው ደረጃው እ.ኤ.አ. በ2019 እትም ይህን ወደ አንድ ሰዓት ከፍ አድርጎታል። አጣናና ጣውላ በበዛበት ሳይት ከአንድ ሰዓት በታች መምረጥ የለብንም።

ከዚህም ጋር የሰዓቱ ምርጫ አለ፤ ጠዋት ወይስ ከሰዓት በኋላ? በየቦታው የሚታየው ልማድ በያጁ ቀኑ ሲመሽ «ይቺን ልጨርሳት» ብሎ የመጨረሻዋን መጋጠሚያ በይዶ መሄዱ ነው። ሁሉም ይወጣል፤ የሚቀረው በቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ የሚያድረው ዘበኛ ነው። እሳቱ ቢነሣ መጀመሪያ የሚያገኘው እርሱን ነው፤ ያን ቀን የት እንደተበየደ የሚነግረው ሰው ግን የለም። ስለዚህ የእሳት ሥራ ጠዋት ይጀመር፤ የመጨረሻው ብየዳ ሠራተኛ ከመውጣቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ይቁም። ፎርማኑ ሲወጣ ዘበኛውን ይዞ ቦታዎቹን ያሳየው፤ ጎን ለጎንም በየሰዓቱ ዞር እያለ እንዲያይ የእጅ ባትሪ ይስጠው። ለዚህ ለተጨማሪ ሥራ ክፍያው ላይ ጥቂት መጨመር ተገቢ ነው።

የእሳት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚፈረም የፈቃድ ወረቀት በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠርቶ ለተመለሰ በያጅ አዲስ አይደለም። ያለ ፊርማ ማሽን አይነሣም። እኛም ዘንድ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ የተጠረገው፣ የጠባቂው ስም፣ የፎርማኑ ፊርማ። በቃል ከመፍቀድ የሚሻለው የሚፈርመው ሰው ሄዶ እንዲያይ ስለሚያስገድድ ነው፤ ቢሮ ተቀምጦ የሚፈረም ከሆነ ጥቅሙ ይጠፋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። በያጁ ላይ ብቻ ማሳበብ አይቻልም።

አሁን ማጥፊያው

አጭር ነው። ለእንጨት፣ ለከረጢትና ለሰጋቱራ ውኃ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ዱቄትም ሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበልባሉን ቢያጠፉም ውስጥ ያለውን ፍም አያበርዱም፤ ተመልሶ ይነሣል። ኤሌክትሪክ ላለበት ዕቃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ዱቄት ነው፤ ውኃ አይንካው። ለናፍጣና ለቀለም ዱቄት ወይም አረፋ። አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ለእንጨት፣ ለነዳጅና ለኤሌክትሪክ እሳት የሚያገለግለውን ባለ ሦስት ምድብ የኤቢሲ ዱቄት ይግዛ፤ ከጎኑም የተሞላ የውኃ በርሜልና ባልዲ ያስቀምጥ። በቧንቧ ውኃ መተማመን አይቻልም፤ በፈረቃ የሚመጣ ውኃ እሳቱ ሲነሣ ላይኖር ይችላል። የማጥፊያው ግፊት መለኪያ አረንጓዴ ላይ መሆኑ ሥራው ሳይጀመር ይታይ፤ ጠባቂውም የማጥፊያውን ፒን ነቅሎ የሚያውቅ ሰው ይሁን።

እሳቱ በአንድ ማጥፊያ ካልጠፋ ሁለተኛውን መፈለግ ትቶ ሰውን ማስወጣት ይቀድማል። በአዲስ አበባ ወደ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939 ይደወላል። የሚደውለው ሰው ሦስት ነገር አስቀድሞ ይናገር፦ የታወቀ ምልክት ያለውን አድራሻ፣ ውስጥ የቀረ ሰው መኖሩንና አለመኖሩን፣ የጋዝ ሲሊንደሮቹ ስንት እንደሆኑና በየትኛው ፎቅ እንዳሉ። አንድ ሰው ደግሞ በር ላይ ቆሞ መኪናውን ይቀበል፤ መግቢያው ላይ የተራገፈ አሸዋና ጠጠር ካለ መኪናው ማለፍ ስለማይችል መንገዱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክፍት ሆኖ ይቆይ።